ስፋቱ የማን ነው? በናኖክሪስታል ብርሃን ላይ ለምትሠራ ልጅ የተጻፈ ምክር

ልጄ፣ የማስተርስ ጥናትሽን በሰሚኮንዳክተር ናኖክሪስታል ላይ ልታደርጊ መሆኑን አባትሽ ሲነግረኝ ደስ አለኝ። የላክሽልኝንም ግራፍ፣ 600 ናኖሜትር ላይ 30 ናኖሜትር የሚሰፋውን ፒክ፣ አይቼዋለሁ። ከሥሩ የጻፍሽው ጥያቄ «የኔ ፒክ መጽሔት ላይ ካሉት ለምን ሰፋ? እንዴትስ ላጥብበው?» የሚል ነው። ሁለተኛውን ለጊዜው አቆይው። ስፋቱ ከመሣሪያው የመጣ ይሁን፣ ቅንጣቶቹ በመጠን ስለሚለያዩ የመጣ ይሁን፣ ወይስ የእያንዳንዷ ቅንጣት የራሷ ይሁን ሳትለዪ ለማጥበብ ብትነሺ ዓመቱ ያልቅብሻል። ይህን ለመለየት ደግሞ የግድ ባሕር መሻገር የለብሽም፤ እዚሁ ሶዶ ከተማ ሆነሽ አብዛኛውን ልትሠሪው ትችያለሽ። በተራ ቁጥር የምጽፍልሽ ለማስታወስ እንዲመችሽ ነው እንጂ ሁሉም እኩል ክብደት ስላላቸው አይደለም።

1. የያዝሽውን ነገር ከመጠኑ ጀምረሽ እወቂው።

የያዝሽው ካድሚየም ሴሌናይድ በትልቅ ክሪስታልነቱ የኃይል ክፍተቱ 1.74 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው፤ ወደ ጥቁር ቀይ ያደላል። ያው ቁስ፣ የአቶሞቹ ዓይነት ሳይቀየር፣ ወደ 6 ናኖሜትር ሲወርድ ቀይ፣ ወደ 2 ናኖሜትር ሲያንስ ሰማያዊ ያበራል። ኤሌክትሮኑና ትቶት የሄደው ክፍት ቦታ በጠባብ ክልል ስለሚታጠሩ ክልሉ ባነሰ ቁጥር ኃይላቸው ይጨምራል። አሌክሴይ ኤኪሞቭ ይህን በሌኒንግራድ በመስታወት ውስጥ ባደጉ የመዳብ ክሎራይድ ክሪስታሎች ላይ እ.ኤ.አ. በ1981 አሳየ። ሉዊስ ብሩስ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ በፈሳሽ ውስጥ በተንሳፈፉ የካድሚየም ሰልፋይድ ቅንጣቶች ላይ በ1983 አየው። አባቱ ቱኒዚያዊ የሆነው ሙንጊ ባዌንዲ ደግሞ በ1993 ከተማሪዎቹ ጋር ቅንጣቶቹን በመጠን ተቀራራቢ አድርጎ የማዘጋጀት ዘዴ አወጣ። ሦስቱ በ2023 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። የሽልማቱን ታሪክ ስታነቢ የባዌንዲን ድርሻ በደንብ አስተውዪ። ቀለሙ ከመጠን ጋር እንደሚቀየር ቀድሞ ታውቆ ነበር፤ የጎደለው መጠናቸው የተቀራረበ ቅንጣቶችን መሥራት ነበር። የአንቺም ጥያቄ ያው ነው።

2. ሁለቱን ስፋቶች በአእምሮሽ ለዪ።

የጊፋታ በዓል ሰሞን ማታ ከማዶ ሰፈር የሚሰማውን የብዙ ሰው ዘፈን አስቢ። ዜማው ወፈር ብሎ፣ ጠርዙ ተደበላልቆ ይደርስሻል። ምናልባት እያንዳንዱ ዘፋኝ ድምፁን እያንቀጠቀጠ ነው። ምናልባት ደግሞ እያንዳንዱ ድምፁን አጥርቶ ይዟል፣ ግን አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ አድርጎ ጀምሯል። ማዶ ላለ ሰው ሁለቱም አንድ ዓይነት ይሰማሉ።

በናሙና መያዣ ኩቬትሽ ውስጥ ያለው እንዲሁ ነው። አንድ ማይክሮሞላር የሆነ አንድ ሚሊ ሊትር ፈሳሽ 600 ትሪሊዮን ያህል ቅንጣቶች ይይዛል፤ ብርሃኑን የሚለካው ፍሎሮሜትር የሚያሳይሽ የሁሉንም ድምር ነው። እያንዳንዷ ቅንጣት በራሷ የምታመነጨው ብርሃን ያለው ስፋት ሆሞጂኒየስ ይባላል። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ስለሚለያዩ የሚመጣው ኢንሆሞጂኒየስ ይባላል። የመጀመሪያው በፊዚክሱ የታዘዘ ነው፤ ቅንጣቷን በጣም አሳምረሽ ብትሠሪያትም የተወሰነው ይቀራል። ሁለተኛው ግን የእጅ ሥራ ጉዳይ ነው።

የፒኩን ቅርጽ አይተሽ ብቻ አትፍረጂ። የመለያየት ስፋት ብዙውን ጊዜ የጋውስ ቅርጽ ይኖረዋል፣ የቅንጣቷ የራሷ ደግሞ ወደ ሎሬንትዝ ሊያደላ ይችላል ተብሎ ይማራል፤ ትምህርቱ ልክ ነው። ነገር ግን በክፍል ሙቀት የቅንጣቷ የራሷም ስፋት ወደ ጋውስ የሚጠጋበት ጊዜ አለ። ኮምፒውተር ላይ ኩርባ ገጥሞ የሚወጣ ቁጥር ብቻውን ማስረጃ አይሆንሽም።

3. ስፋትን በኃይል ለኪ እንጂ በናኖሜትር አታወዳድሪ።

ይህን ምክር አጥብቄ እነግርሻለሁ፤ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ የማየው ጉድለት ነው። 1240ን በሞገድ ርዝመቱ በናኖሜትር ስታካፍዪ ኃይሉን በኤሌክትሮን ቮልት ታገኛለሽ። 600 ናኖሜትር ላይ 30 ናኖሜትር የሚሰፋ ፒክ 103 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት (ሚሊ ኢቪ) ገደማ ነው። 450 ናኖሜትር ላይ ያለ ያው 30 ናኖሜትር ግን 184 ሚሊ ኢቪ ይሆናል። በናኖሜትር እኩል የሚመስሉት ሁለት ናሙናዎች በኃይል ሲታዩ አንዱ የሌላውን እጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረውም። ፊዚክሱ የሚያውቀው ኃይልን ስለሆነ ቀይና ሰማያዊ ናሙናዎችሽን በናኖሜትር አሰልፈሽ «ሁሉም እኩል ጥራት አላቸው» ብትዪ ፈታኙ ዝም አይልሽም። ግራፉን ወደ ኃይል ስትለውጪ የብርሃኑንም መጠን በሞገድ ርዝመቱ ካሬ ማባዛት አትርሺ፤ አለበለዚያ የፒኩ ቅርጽና ቦታ ይዛባል።

4. ከቅንጣቱ በፊት መሣሪያውን ጠይቂ።

ፍሎሮሜትሩ የራሱ ስፋት አለው፤ እሱን የሚወስነው የስሊቱ (የብርሃን መግቢያ ስንጥቁ) ክፍተት ነው። ብርሃን ሲያንስ ስሊቱን መክፈት ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው፣ ዋጋውን ግን እወቂ። እውነተኛው ፒክ 22 ናኖሜትር ቢሆንና ስሊቱ 20 ናኖሜትር ላይ ቢቀመጥ የምታነቢው 30 ገደማ ነው፤ ጋውስ ቅርጽ ያላቸው ስፋቶች የሚደመሩት በካሬያቸው ነውና። ስሊቱ 5 ናኖሜትር ቢሆን ግን በ30 ናኖሜትር ፒክ ላይ የሚጨምረው ከግማሽ ናኖሜትር አይበልጥም።

የመሣሪያውን ስፋት ለማወቅ ውድ መለኪያ አያስፈልግሽም። በቢሮና በትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ ያለው ረጅሙ የፍሎረሰንት ቱቦ ውስጥ የሜርኩሪ ትነት አለ። የሜርኩሪ መስመሮች ከመሣሪያሽ አቅም ጋር ሲነጻጸሩ ስፋት የላቸውም ሊባል ይቻላል። ስለዚህ የቱቦውን ብርሃን ወደ መለኪያው አስገብተሽ የምታነቢው ስፋት የመሣሪያው የራሱ ነው። 435.8 ናኖሜትር ላይ ያለውን ሰማያዊ መስመር ተጠቀሚ። 546.1 ላይ ያለው አረንጓዴ ደማቅ ስለሆነ ያጓጓል፤ ግን በዘመናዊ ቱቦዎች ከውስጥ የተቀባው ፎስፈር እዚያው አጠገብ ስለሚያበራ ይቀላቀልብሻል። ይህን ልኬት በምትጠቀሚበት በእያንዳንዱ የስሊት ክፍተት አንድ አንድ ጊዜ ሠርተሽ ደብተርሽ ላይ አስፍሪ።

እግረ መንገድሽን ፈሳሹን አቅጥኚው። ወፍራም ከሆነ አንዷ ቅንጣት ያመነጨችውን ብርሃን ሌላዋ መልሳ ትውጠዋለች፤ የፒኩ ሰማያዊ ጎን ይሸረፋል፣ ጫፉም ወደ ቀይ ይገፋል። ፒኩ የጠበበ መስሎሽ ደስ ይልሻል፣ እውነት ግን አይደለም። አብዞርባንሱ (ብርሃን የመዋጥ መጠኑ) ከ0.1 በታች እስኪወርድ ድረስ ሟሚ ጨምሪበት።

5. የመጠን መለያየት ስንት እንደሚያመጣ በእጅሽ አስሊ።

ቀላሉ ሞዴል የተጨመረው ኃይል ከዲያሜትሩ ካሬ ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል ይላል። እውነተኛዎቹ ቅንጣቶች ከዚህ ለዘብ ይላሉ፣ ለግምት ግን ይበቃል። ያንቺን 600 ናኖሜትር ናሙና እንውሰድ። ኃይሉ 2.07 ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ የትልቁ ክሪስታል 1.74 ሲቀነስ በመጠን ማነስ የተገኘው 0.33 ይሆናል። ዲያሜትሩ በ5 በመቶ ቢለያይ ኃይሉ በሁለት እጥፍ፣ በ10 በመቶ ይለያያል፤ ይህም 33 ሚሊ ኢቪ ነው። 33 ግን ስታንዳርድ ዲቪየሽን ነው፤ ወደ ግማሽ ከፍታ ስፋት ለመቀየር በ2.355 ስታባዢው 78 ገደማ ይወጣል። የቅንጣቷ የራሷ ስፋት 60 ሚሊ ኢቪ ነው ብንል፣ የሁለቱ የካሬ ድምር ሥር 98 ሚሊ ኢቪ፣ ወደ ናኖሜትር ሲመለስ 28 ገደማ ነው። ግራፍሽ ላይ ካለው 30 ምን ያህል እንደቀረበ አየሽ?

ይህን ስሌት ወደ 500 ናኖሜትር ውሰጂው። በመጠን ማነስ የተገኘው ኃይል 0.74 ስለሆነ ያው 5 በመቶ ብቻውን 174 ሚሊ ኢቪ ይሰጣል። ትንንሾቹ ቅንጣቶች ለመጠን ስህተት ይበልጥ ይጨክናሉ። አረንጓዴ ናሙናሽ ከቀዩ ሰፋ ብሎ ቢወጣ አትደንግጪ፤ እጅሽ የተበላሸ እንዳይመስልሽ።

5 በመቶ ስንት እንደሆነም ልብ በዪ። 600 ናኖሜትር ላይ የሚያበራው ቅንጣት ዲያሜትሩ 4 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ 5 በመቶው 0.2 ናኖሜትር ይሆናል። ይህ ከአንድ የአቶም ንብርብር ያነሰ ነው። አማካይ ዲያሜትሩን ለመገመት የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እስክታገኚ አትጠብቂ፤ ዩ እና ፔንግ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡት ቀመር ከመጀመሪያው የአብዞርፕሽን ፒክ ዲያሜትሩን ይሰጥሻል። የመለያየቱን መጠን ግን አይሰጥሽም፤ ለእሱ ምስል ያስፈልጋል።

የኤክስሬይ ዲፍራክሽን ፒክ ስፋት ሌላ ጉዳይ ነው። ሼረር በ1918 ያወጣው ቀመር ከዚያ ስፋት የክሪስታሉን አማካይ መጠን ያወጣል። ሁለቱም «የፒክ ስፋት» ስለተባሉ ብቻ በአንድ አንቀጽ አታቀላቅያቸው።

6. የቅንጣቷን የራሷን ስፋት አክብሪው።

ወጣት ተመራማሪ ሁሉ ስፋትን የመጠን መለያየት ብቻ አድርጎ ያየዋል። ለረጅም ጊዜ ትልልቆቹም እንዲሁ ያስቡ ነበር፤ ሁለቱን ለመነጠል ብዙ ብልሃት ፈጅቷል። ፖል አሊቪሳቶስ ከብሩስና ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1988 ቅንጣቶቹን አቀዝቅዘው ጠባብ ሌዘር አበሩባቸው። ሌዘሩ በዚያ ኃይል የሚውጡትን ብቻ ነጥሎ ስላጠገባቸው በሰፊው የአብዞርፕሽን ኩርባ ላይ ጉድጓድ ታየ፤ የጉድጓዱ ስፋት ወደ ቅንጣቷ የራሷ ስፋት የሚያመለክት ነበር። በ1996 ደግሞ በባዌንዲ ቤተ ሙከራ ኤምፔዶክሊስና ባልደረቦቹ አንዲት ቅንጣት ብቻዋን ለዩና በ10 ኬልቪን ገደማ ለኩ። እስከ 120 ማይክሮ ኤሌክትሮን ቮልት የጠበበ መስመር አገኙ። ማይክሮ እንጂ ሚሊ አይደለም። ከብዙዎቹ ድምር ሲገመት ከነበረው ጋር ፈጽሞ የማይገናኝ ጥበት ነበር።

በክፍል ሙቀት ግን ያችው ቅንጣት ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ኢቪ ትሰፋለች። የብርሃኗ ዕድሜ 20 ናኖ ሰከንድ ነው ብለሽ ብታሰዪ፣ የኳንተም ሕግ የሚያስገድዳት ዝቅተኛ ስፋት ከ0.04 ማይክሮ ኤሌክትሮን ቮልት ያነሰ ነው። በሚሊዮን እጥፍ የሚበልጠው ትርፍ ከየት መጣ? አንደኛ፣ ከክሪስታሉ መንቀጥቀጥ ነው። አቶሞቹ በሙቀት ሲወዛወዙ የኤሌክትሮኑን ኃይል ወዲያ ወዲህ ይገፉታል። የዚህ መንቀጥቀጥ አሃድ ፎኖን ይባላል፤ በካድሚየም ሴሌናይድ ውስጥ ዋናው የፎኖን ኃይል 26 ሚሊ ኢቪ ገደማ ነው፤ በክፍል ሙቀት ያለው የሙቀት ኃይልም 25 ገደማ ነውና ፎኖኖቹ በብዛት ተቀስቅሰው ያድራሉ። ሁለተኛ፣ ከገጿ ነው። በገጿ ላይ ወይም በአጠገቧ አንድ ኤሌክትሪክ ቻርጅ ቦታ በቀየረ ቁጥር መስመሯ ትንሽ ይንሸራተታል። መለኪያሽ ቀርፋፋ ስለሆነ መንሸራተቱን ሁሉ ደምሮ እንደ ስፋት ያሳይሻል። ኤምፔዶክሊስና ባዌንዲ በ1997 ኤሌክትሪክ ፊልድ ራሳቸው እየጫኑ አንዲት ቅንጣት መስመሯን ስትለውጥ አሳዩ።

ለሥራሽ የሚጠቅመው ከዚህ የሚከተለው ነው። የዚያው የባዌንዲ ቡድን በ2013 የፎቶኖችን የመድረሻ ጊዜ እያዛመደ፣ በፈሳሽ ውስጥ ካሉ ብዙ ቅንጣቶች የአንዷን አማካይ ስፋት የሚያወጣ ዘዴ ተጠቅሞ፣ ያ ስፋት በቅንጣቷ አሠራርና በሼሏ (በውጭ ልባሷ) እንደሚቀየር አሳየ። ስለዚህ የመጠን መለያየትን ወደ ዜሮ ብታወርጂም ሥራው አያልቅም። ሼሉ ምን እንደሆነ፣ ስንት ንብርብር እንደሆነ፣ ገጹ በምን እንደተሸፈነ መመዝገብ አለብሽ። መጠን የሚባል አንድ አምድ ብቻ ያለው ሠንጠረዥ ግማሹን ነገር ይደብቃል።

7. ብርድን ከእንስሳት ሐኪሞች ለምኚ።

ብርድ ሁለቱን ስፋቶች የሚለይልሽ ቀላሉ መሣሪያ ነው፤ የመጠን መለያየት በሙቀት አይቀየርም፣ የቅንጣቷ የራሷ ስፋት ግን ሲቀዘቅዝ ይጠባል። ሂሊየም አታገኚም፣ አትልፊበት። ፈሳሽ ናይትሮጂን ግን ቅርብ ነው፤ ላሞችን በሰው ሠራሽ ዘዴ የሚያዳቅሉ ባለሙያዎች የኮርማውን ዘር የሚያቆዩት በእሱ ነው። በደብዳቤ ጠይቂ፣ የመምሪያ ኃላፊሽን ማኅተም አስደርጊ፣ ለእነሱ ሥራ ከሚያስፈልገው የተረፈውን ብቻ ውሰጂ።

77 ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ታገኛለሽ። ፈሳሽ ናሙናሽ በዚያ ብርድ ረግቶ ይሰነጣጠቅና ብርሃን ይበታትናል፤ ስለዚህ በጠጣር መልክ አዘጋጂው። የዕቃ መጠቅለያ የሆነው ነጩ ስታይሮፎም ፖሊስታይሪን ነው፤ በቶሉይን ይሟሟል። ጥቂት የናኖክሪስታል ጠብታ ከዚያ ሙሙት ጋር ቀላቅለሽ በመስታወት ላይ አድርቂው። ቅንጣቶቹን ብቻቸውን ብታደርቂያቸው ተጠጋግተው ትንሿ ኃይሏን ለትልቋ ታስተላልፋለች፣ ስፔክትረሙም ያሳስትሻል። ፕላስቲኩ ያራርቃቸዋል።

ከዚያ አወዳድሪ። ቅድም ባሰላነው ምሳሌ የመጠን ድርሻ 78፣ የራሷ ድርሻ 60፣ ድምሩ 98 ነበር። በ77 ኬልቪን የራሷ ወደ 25 ቢወርድ ድምሩ 82 ገደማ ይሆናል። ፒኩ ወደ ሰማያዊ መሸሹ አያሳስብሽ፤ የኃይል ክፍተቱ በብርድ ስለሚሰፋ ነው። ስፋቱ እምብዛም ካልቀነሰ መለያየቱ ገዝቷል፤ በብዙ ከቀነሰ የቅንጣቷ የራሷ ነበር። ናይትሮጂኑን በተዘጋ ክፍል አትክፈቺ፣ በጠባብ አፍ ዕቃም አትድፈኚው። ሲተን አየሩን ገፍቶ ሰው ያፍናል፣ ዕቃውንም ይሰነጥቃል።

8. ናይትሮጂን ባይገኝ የማነቃቂያውን ብርሃን ቀይሪ።

ሰማያዊ ብርሃን ሁሉንም ቅንጣቶች ያነቃል። ማነቃቂያውን ወደ አብዞርፕሽኑ ቀይ ጠርዝ ስትወስጂው ግን የሚነቁት ትልልቆቹ ብቻ ናቸው። የሚወጣው ፒክ ጠቦ ወደ ቀይ ከሄደ የመለያየት ምልክት ነው። ካልተነቃነቀ ቅንጣቶቹ ተመሳሳይ ናቸው። ፍሎሮሜትር ካለ ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

9. ሶዶ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ እንደማይፈላ አትርሺ።

ብዙ ተማሪ ቅንጣቱን በውሃ ውስጥ ያበቅላል፤ በአገራችን ካድሚየም ሰልፋይድና ዚንክ ኦክሳይድ በዚህ መንገድ መሥራት የተለመደ ነው። መጽሔቱ «በ100 ዲግሪ እየፈላ ለሁለት ሰዓት» ይላል፤ ያን የጻፈው ሰው ባሕር ጠለል አጠገብ ይሆናል። ዳሞታ ተራራ ሥር፣ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ፣ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። እድገቱ ይዘገያል፤ ሁለት ሰዓት ያልሽው ናሙና ካነበብሽው ያነሰ ሆኖ ይወጣል፣ ፒኩም ወደ ሰማያዊ ይሸሻል። ያለ ቴርሞሜትር «በፍላት ሙቀት» ብለሽ አትጻፊ።

ከሙቀቱ ቀጥሎ የግብአቱን አጨማመር ተጠንቀቂ፤ የባዌንዲ ዘዴ ምስጢር ዘርና እድገትን መለየት ነው። ቀዝቃዛው ግብአት ወደ ጋለው ሟሚ በአንድ ጊዜ ሲገባ ዘሮቹ ሁሉ በቅጽበት ይፈጠራሉ፣ ከዚያ አዲስ ዘር ሳይጨመር ሁሉም አብረው ያድጋሉ። በጠብታ በጠብታ ብታስገቢው ዘሩ ቀኑን ሙሉ ሲወለድ ይውላል፤ ቀድሞ የተወለደው ትልቅ፣ ኋላ የመጣው ትንሽ ይሆናል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፣ እዚህ ግን መዘግየትም ያፈሳል። መብራት መሐል ላይ ቢጠፋና ተመልሶ ቢመጣ ያንን ናሙና ከመጠን ተከታታይሽ አውጪው። ሙቀቱ ሲወርድና ሲመለስ ግብአቱ ካለቀበት ትንንሾቹ እየሟሙ ትልልቆቹን ይመግባሉ፤ መለያየቱ ይሰፋል። ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ግን አትጣዪው፤ በሰዓቱና በሙቀቱ ማስታወሻ አስደግፈሽ ከጎን አስቀምጪው። የመለያየት ስፋት ምን እንደሚመስል የሚያሳይሽ፣ ሆን ብለሽ የማትሠሪው ናሙና እሱ ነው።

10. ካድሚየም ወደ መታጠቢያው አይፍሰስ።

ካድሚየም ኩላሊትንና አጥንትን ይጎዳል፣ ከሰውነትም ቶሎ አይወጣም። ከሶዶ በስተምሥራቅ የሚወርደው ውሃ ወደ ብላቴ፣ ከዚያም ወደ አባያ ሐይቅ ነው የሚሄደው፤ ከብትም ሰውም ይጠጣዋል። የተረፈውን ሁሉ፣ የመጀመሪያውን የዕቃ እጥበት ጭምር፣ ክዳን ባለው ጠርሙስ ሰብስቢ፤ ይዘቱንና ቀኑን ጻፊበት። ጓንት ሳታደርጊ አትንኪ። ኢንዲየም ፎስፋይድ ካድሚየም የለውም፤ የቴሌቪዥን ሠሪዎች ወደ እሱ የሄዱት ለዚህ ነው። ዝግጅቱ ግን አስቸጋሪ ነው፣ አየርም ውሃም አይወድም፤ ለማስተርስ መጀመሪያ አልመክርሽም። ዚንክ ኦክሳይድ ላይ ልምዱን ካገኘሽ በኋላ ይደርሳል።

11. ስፋት ለማን እንደሚጠቅም፣ ማንን እንደሚጎዳ ጠይቂ።

ለስክሪን ጠባብ መስመር ወርቅ ነው፤ ቀለሙ ይጠራል። ፀሐይን ወደ ኤሌክትሪክ ለሚቀይር ሰሌዳ ግን ጥቂት ሚሊ ኢቪ መስፋት ብዙም አያጎድልም። ከሁሉ በላይ ግን ቅርብሽ ያለውን ኦቶና ሆስፒታልን አስቢ።

በሕመምተኛ ጣት ላይ የሚደረገው የደም ኦክስጅን መለኪያ፣ ኦክሲሜትር፣ ሁለት የሰሚኮንዳክተር መብራቶች አሉት፤ አንዱ 660 ናኖሜትር ገደማ ቀይ፣ ሌላው 940 ገደማ ኢንፍራሬድ። ቀዩ መብራት በክፍል ሙቀት ከ15 እስከ 20 ናኖሜትር ይሰፋል፤ የኤሌክትሮኖቹ የሙቀት ኃይል ያሰፋዋልና። እ.ኤ.አ. በ2020 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ኦክሲሜትሩ ከ92 እስከ 96 በመቶ ሲያነብ በደም ምርመራ ግን ኦክስጅናቸው ከ88 በታች ሆኖ የተገኙት ከነጮች 3.6 በመቶ፣ ከጥቁሮች ግን 11.7 በመቶ መሆናቸውን አሳየ። ለዚህ ከቀረቡት ማብራሪያዎች አንዱ የመብራቱ ስፋት ነው። የቆዳ ቀለም የሆነው ሜላኒን አጭሩን ሞገድ ከረጅሙ አብልጦ ይውጣል። ብርሃኑ ሰፊ ከሆነ ከቀዩ ፒክ አጭሩ ጎን ይበልጥ ይሸረፋል፣ ወደ ደሙ የሚደርሰው ብርሃን መሐከሉ ወደ ረጅም ሞገድ ይንሸራተታል። የመሣሪያው ስሌት ግን ይህን አያውቅም። መስመሩ ጠባብ ቢሆን ኖሮ የሚሸረፍ ጎን ስለማይኖር መንሸራተቱ ይቀንስ ነበር። ጥቁር ቆዳ ባለን ሕዝብ መካከል ለምትሠሪ ልጅ የመስመር ስፋት የስክሪን ጉዳይ ብቻ አይደለም የምልሽ ለዚህ ነው።

ስለዚህ አንድ ተጨማሪ ልኬት እንድታደርጊ እፈልጋለሁ። ከሆስፒታሉ የባዮሜዲካል ባለሙያዎች ፈቃድ ጠይቀሽ ከአገልግሎት የወጡ የኦክሲሜትር መያዣዎች ካሉ ተዋሺ፤ ለሕመምተኛ በሥራ ላይ ያለውን አትንኪ። የእያንዳንዱን ቀይ መብራት ስፔክትረም በምታውቂው ስሊት ለኪ፤ የፒኩን ቦታና የግማሽ ከፍታ ስፋት በሚሊ ኢቪ አስፍሪ። መብራቱ ሲሞቅ ቦታው ስለሚሄድ ከበራ በኋላ ትንሽ ቆይተሽ ለኪ፣ የክፍሉንም ሙቀት ጻፊ። ከዚያ ውጤቱን ከናኖክሪስታሎችሽ አጠገብ በአንድ ሠንጠረዥ አስቀምጠሽ አሳዪኝ።